የምኞት ዝርዝራችሁን ቁራጭ በቁራጭ እንየው

ጥያቄ፦ ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ሌጎ (እየተገጣጠሙ ሞዴል የሚሆኑ የፕላስቲክ ጡቦች) መገጣጠም ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ወደፊት ቢወጡ የምንላቸውን ስብስቦች ቁጭ ብለን በወረቀት ጻፍናቸው፦ ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር)፣ የፈረሰኞች ግንብ፣ የባህር ሥር ቤተ ሙከራ፣ ሆስፒታል፣ ረጅም የመንገደኞች ባቡር፣ የጦር አውሮፕላን፣ ልጄ የምትጫወተው የቪዲዮ ጌም ዓለም። ከእነዚህ የትኞቹ የመምጣት ዕድል አላቸው? የእኛን ምኞትስ የሚሰማ አለ?

መልስ፦ ዝርዝራችሁን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ከአንዱ በቀር ሁሉንም እኔም ተመኝቼአቸዋለሁ። ሃያ ዓመት ያህል የራሴን ሞዴል ስነድፍ፣ የሌሎችን ደግሞ ስመለከትና አስተያየት ስሰጥ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የመሰለኝን ሳይሆን ሠርቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዎ፣ የሚሰማ አለ። ሰሚ የሚያገኘው ግን ጠበብ ያለ ምኞት ነው። "የባህር ሥር ዓለም ይምጣልን" ብትሉ የሚቃወማችሁ የለም። ምን እንደሚሠራላችሁ የሚያውቅም የለም። "ሦስት ተመራማሪዎች የሚኖሩበት፣ ጣሪያው የሚነሳ፣ አንዲት ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ከጎኑ የምትቆምበት ቤተ ሙከራ" ስትሉ ግን ነገሩ ሳጥን ውስጥ መግባት ይጀምራል። አብዛኛው አፍቃሪ የሚመኘው ጭብጥ፣ ማለትም ብዙ ስብስብ የሚወጣበት አንድ ዓለም ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ስብስብ፣ ማለትም አንድ ሳጥን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማጥበብ የእናንተ ሥራ ነው።

ምኞት የሚቀርብበት ዋናው በር ሌጎ አይዲያስ ይባላል። በ2008 ጃፓን ውስጥ ኩሶ በሚል ስም ተጀመረ። በ2011 ለመላው ዓለም ተከፈተ፣ በ2014 አሁን ያለውን ስም ያዘ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሞዴላችሁን ሠርታችሁ ፎቶውን ታስገባላችሁ፣ ሰው ድምፅ ይሰጣችኋል። በ60 ቀን ውስጥ 100 ደጋፊ ማግኘት አለባችሁ። ያንን ካለፋችሁ ቀኑ እየተጨመረላችሁ ወደ 1,000፣ ወደ 5,000፣ በመጨረሻም ወደ 10,000 ትሄዳላችሁ። 10,000 የደረሱት በዓመት ሦስት ጊዜ በኩባንያው ባለሙያዎች ይገመገማሉ። ካለፈ የሀሳቡ ባለቤት ከተጣራ ሽያጭ 1 በመቶ ያገኛል። ልጅዎ ገና 11 ዓመቷ ስለሆነ አካውንቱን እርስዎ ይክፈቱት፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይመዘገብም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁ። 10,000 ድምፅ ማግኘት ማለፍ አይደለም። በአንድ የግምገማ ዙር በደርዘን የሚቆጠሩ ሀሳቦች ይገባሉ፤ የሚወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የወደቀው ደግሞ ሁልጊዜ መጥፎ ስለሆነ አይወድቅም። ለምን እንደሚወድቅ ለማየት ከሞኖሬሉ ልጀምር።

ሞኖሬል የብዙ አፍቃሪ የዘመናት ቁጭት ነው። የመጀመሪያው በ1987 ከጠፈር ጭብጥ ጋር ወጣ። በ1990 የአውሮፕላን ማረፊያው፣ በ1994 ደግሞ ሌላ የጠፈር ሞኖሬል ተከተሉ። ከዚያ በኋላ የለም። ለምን አልተመለሰም? ምክንያቱ ሐዲዱ ነው። የሞኖሬል ሐዲድ ከተራው ጡብ አይሠራም። ቀጥ ያለው፣ ኩርባው፣ ዳገት የሚያወጣው፣ ሁሉም የየራሱ ፎርማ ይፈልጋል። ፎርማ ስል የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት የሚገባበትን የብረት ቅርጽ ማለቴ ነው። የሌጎ ፎርማ በሺኛ ሚሊሜትር ደረጃ ትክክል መሆን አለበት። ያለዚያ ከ1958 ጀምሮ የተሠራው ጡብ ከዛሬው ጋር አይገጥምም ነበር። ስለዚህ አዲስ ፎርማ ውድ ነው። የሞኖሬል ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ፎርማ ነው፤ ሞተሩም አለ።

ኩባንያው በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተቃጥሏል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቁራጭ ዓይነቱ እየበዛ እየበዛ ሄደ። ለአንድ ስብስብ ብቻ የሚያገለግል ቁራጭ በዛ። በ2003 እና በ2004 ከባድ ኪሳራ መጣ። በ2004 ሥራ አስፈጻሚ የሆነው ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ የቁራጭ ዓይነቶችን መቀነስ ነበር። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው አይዲያስ አዲስ ፎርማ የሚጠይቅ ሀሳብ ለምን እንደማይቀበል ይገባዋል።

ታዲያ ሞኖሬል ተስፋ የለውም? እንደ ድሮው ሆኖ መመለሱን አላምንም። ግን አንድ ቀዳዳ አለ። በ2017 አንድ የባትማን ስብስብ ለሮለር ኮስተር፣ ማለትም ለመዝናኛ መናፈሻው ዳገትና ቁልቁል ባቡር፣ አዲስ ሐዲድ ይዞ መጣ። በ2018 የወጣው ባለ 4,124 ቁራጭ ሮለር ኮስተርም በዚያው ሐዲድ ተሠራ። ያ ሐዲድ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ስብስቦችም ገብቷል። ፎርማው አለ ማለት ነው። ብዙ ገንቢዎች በዚያ ሐዲድ ከፍ ብሎ የሚሄድ የከተማ ባቡር ሠርተዋል። ልጅዎ ሞኖሬል ከፈለገች በሮለር ኮስተር ሐዲድ ትሞክረው። ያኔ ምኞቷ አስቀድሞ ባለው ቁራጭ የሚሠራ ይሆናል።

ባለው ቁራጭ ብቻ መሥራት ሲባል የሚከፋቸው አሉ። ምናብን የሚያጠብ ይመስላቸዋል። እኔ በጭራሽ አይመስለኝም። ባለ ስምንት ጉጥ ስድስት ጡብ ብቻ ውሰዱ (ጉጥ የምለው ጡቡ አናት ላይ ያለውን ክብ እብጠት ነው)፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም። በስንት መንገድ ይገጣጠማሉ? በ915,103,765 መንገድ። ይህን በኮምፒውተር ያሰላው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ ነው። ስድስት ጡብ ይህን ያህል ካወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠር የቁራጭ ዓይነት ምን እንደሚያወጣ አስቡት።

ግንቡ ላይ የምነግራችሁ ደስ የሚል ታሪክ አለ። የፈረሰኞች ጭብጥ በ1978 ተጀምሮ ለዓመታት ከኖረ በኋላ ከመደርደሪያ ጠፋ። አፍቃሪው ዝም አላለም። በ2021 አንድ አፍቃሪ በአይዲያስ ያቀረበው የመካከለኛው ዘመን አንጥረኛ ቤት ወጣ፤ 2,164 ቁራጭ ነበረው። ተወደደ። በ2022 ኩባንያው 90ኛ ዓመቱን ሲያከብር የአንበሳ ፈረሰኞችን ግንብ በ4,514 ቁራጭ አወጣ። በ2024 ደግሞ የመካከለኛው ዘመን የከተማ አደባባይ ተከተለ፣ 3,304 ቁራጭ። አያችሁ አካሄዱን? አንጥረኛው በሩን ከፈተ፣ ግንቡ ተከትሎ ገባ። ደጋፊዎቹ መጀመሪያ "ጭብጡ ይመለስ" ብለው ብቻ ቢቀሩ ኖሮ እስከ ዛሬ የምንጠብቅ ይመስለኛል። አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የፖም ዛፍ ነው በሩን የከፈተው።

እዚህ ላይ ግን ቅር የሚለኝን ልናገር። የተመለሰው ግንብ የትልልቅ ሰው ግንብ ነው። ሳጥኑ ላይ 18 እና ከዚያ በላይ ይላል። እኔ ልጅ ሆኜ የያዘኝ ግንቡ አልነበረም። አንድ ፈረሰኛ፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ ጦር ያለው ትንሽ ሳጥን ነበር። በኪስ ይገባል። ጓደኛዬም አንድ ነበረው፤ ሁለታችን ስንገናኝ ጦርነት ሆነ። ዛሬ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከፈረሰኞች ዓለም የምትጀምርበት ትንሽ ነገር ብትፈልግ አማራጯ በጣም ጥቂት ነው። እኛ ጎልማሶች ድምፃችን ስለጎላ በየዓመቱ የበለጠ ትልቅ ነገር ስንጠይቅ ኖረናል። ትልቁ መጣ፤ ትንሹ ቀረ። ስለዚህ ልጅዎ ስለ ግንብ ስትጽፍ ትንሽ እንድትጠይቅ እለምናታለሁ። ከ200 ቁራጭ በታች የሆነ የበር ዘብ ቤት፣ ሁለት ወታደር፣ የሚነሳና የሚወርድ ድልድይ። ይህን ምኞት እኔም ከልቤ እደግፋለሁ።

አሁን ወደ ባቡሩ። ስለ ባቡር ብዙ እናገራለሁ፣ ታገሱኝ፤ የእኔ ፍቅር እዚህ ነው ያለው።

ረጅም የመንገደኞች ባቡር ስትመኙ ችግሩ ባቡሩ ላይ የለም። ኩርባው ላይ ነው። ሌጎ የሚሸጠው የባቡር ኩርባ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ከክቡ መሃል እስከ ሐዲዱ 40 ጉጥ ነው። አንድ ጉጥ ከሚቀጥለው በ8 ሚሊሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ 32 ሴንቲሜትር ማለት ነው። 16 ኩርባ ስትገጥሙ ሙሉ ክብ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ እንዲበቃ ተብሎ የተሠራ ጠባብ ክብ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የመኝታ ፉርጎ ሠራሁ። ርዝመቱ 38 ጉጥ ነበር። ከፊተኛው የጎማ ጋሪ እስከ ኋለኛው መካከል 28 ጉጥ ተውኩ። መስኮቶቹን በጣም ወደድኳቸው። ቀጥታው ላይ እንደ ንጉሥ ሄደ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ሆዱ ወደ ውስጥ ገባና የጣቢያዬን መድረክ ጠርጎ ጣለው። ሁለት መንገደኛም ወደቀ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው የፉርጎው መሃል ከሐዲዱ ወደ ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይወጣል። ኩርባው 80 ጉጥ ቢሆን ኖሮ ያው ፉርጎ የሚወጣው አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። ፉርጎውን አሳጠርኩት፤ ሁለት መስኮት ሄደ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ2023 በ2,540 ቁራጭ የወጣው ኦሪየንት ኤክስፕረስም ከአፍቃሪ ሀሳብ የመጣ ነው። መልኩ ድንቅ ነው። ነገር ግን ለሞተር ተብሎ አልተዘጋጀም። ብዙ የባቡር ሰው አዘነ። እኔ ግን ንድፍ አውጪዎቹን አልወቅስም። የሚያምር ረጅም ፉርጎና ጠባብ ኩርባ አብረው አይኖሩም። ስለዚህ የእናንተን ምኞት ላስተካክለው፦ ረጅም ባቡር አትጠይቁ፣ ሰፊ ኩርባ ጠይቁ። ሰፊ ኩርባ ካለ ረጅሙን ባቡር ልጅዎ ራሷ ትሠራዋለች። ይህ አዲስ ፎርማ ስለሚጠይቅ በአይዲያስ አያልፍም። ለደንበኞች አገልግሎት የሚጻፍ፣ መጠይቅ ሲመጣ የሚሞላ ምኞት ነው። እኔ በየአጋጣሚው እጽፋለሁ። እናንተም ጻፉ።

የጦር አውሮፕላኑን ከዝርዝሩ አውጡት። ያልተመኘሁት እሱን ነው። ኩባንያው የዘመኑን የጦር መሣሪያ አይሠራም፤ የቆየ ፖሊሲው ነው። በ2020 ቪ 22 ኦስፕሬይ የተባለውን አውሮፕላን በነፍስ አድን ቀለም ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። አውሮፕላኑ በእውኑ ዓለም የጦር ኃይል ነው ብለው ጀርመን ውስጥ የሰላም ተሟጋቾች ተቃወሙ። ስብስቡ ሊሸጥ ቀናት ሲቀሩት ተሰረዘ። አይዲያስም የዘመን ጦርነትን፣ ፖለቲካን፣ ሃይማኖትን የሚነካ ሀሳብ አይቀበልም። አውሮፕላን ከሆነ የወደዳችሁት የደን እሳት የሚያጠፋ ባለ ሁለት ሞተር ሞክሩ። ሆዱ ተከፍቶ ሰማያዊ ቁራጮች እንዲያፈስ አድርጉት። ለልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ጨዋታ አለ?

የቪዲዮ ጌሙ ጉዳይ ከእጃችሁ ውጪ ነው። የጌም ዓለም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት። ዜልዳን ውሰዱ። ለዓመታት ተደጋግመው የቀረቡ የዜልዳ ሀሳቦች 10,000 ድምፅ ሞልተው ወድቀዋል። ከዚያ በ2024 ኩባንያው ራሱ ባለ 2,500 ቁራጭ የዜልዳ ዛፍ አወጣ። ፖኬሞንም እንዲሁ፦ አፍቃሪው ስንት ዘመን ከጠበቀ በኋላ በ2025 ስምምነቱ ይፋ ሆነ። ማይንክራፍት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ2012 ከአፍቃሪዎች ድምፅ በአንዲት ትንሽ ስብስብ ተወለደ፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ጭብጥ ነው። ልዩነቱ የሁለት ኩባንያዎች መስማማት ነው። እናንተ ድምፅ ስጡ፤ ሞዴል ለመሥራት ግን ወራት አታባክኑበት። ጊዜያችሁን ባለቤት በሌለው ሀሳብ ላይ አውሉት።

እንደዚያ ዓይነት ሀሳብ ሁለት አላችሁ። የባህር ሥር ቤተ ሙከራውና ሆስፒታሉ።

ስለ ባህር ሥሩ አንድ ነገር ስነግራት ልጅዎ ደስ ይላታል። በዚያ በጃፓኑ ኩሶ በኩል መጀመሪያ ለገበያ የበቃው ስብስብ ሺንካይ 6500 ነው። ጥልቅ ባህር የሚያጠና የጃፓን ሰርጓጅ ነው። እንግዲህ የአፍቃሪ ድምፅ የወለደው የመጀመሪያ ልጅ ከባህር ሥር ነው የወጣው። በ1995 ደግሞ አኳዞን የሚባል የባህር ሥር ጭብጥ ነበር፣ ማግኔትና ክሪስታል ያለው። የሚናፍቁት ብዙ ናቸው። ድምፅ ሰጪ አታጡም። ፈተናው ክብ መስታወቱ ነው። ሁሉም ሰው ትልቅ ጉልላት ይሥላል፤ በሣለው ልክ የሚሆን ቁራጭ ግን አይገኝም። ካሉት ጥርት ያሉ ቁራጮች፣ ከጠፈር መንኮራኩርና ከሄሊኮፕተር መስታወቶች ጀምሩ። ቤቱን በመስታወቱ ልክ ሥሩት። መስታወቱን በቤቱ ልክ ከፈለጋችሁ ትጣበቃላችሁ።

ሆስፒታሉን ግን ከሁሉም አስበልጣለሁ። በ2007 የተጀመረ የከተማ ሕንፃዎች ተከታታይ አለ። በዓመት አንድ ያህል ይወጣል፣ ጎን ለጎን ይገጠማሉ፣ መንገድ ይሆናሉ። የእሳት አደጋ ጣቢያ ወጥቷል። ሲኒማ፣ ባንክ፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ ሆቴል፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወጥቷል። ሆስፒታል የለም። ለልጆች በሚወጡት የሲቲና የፍሬንድስ ጭብጦች ሆስፒታል አለ፤ ከኋላ የተከፈተ፣ ለጨዋታ የተመቸ። በዚህ ተከታታይ ግን መንገዱ ሁሉ ሲሞላ በሽተኛ የሚተኛበት ቤት የለም። ይህ ክፍተት እውነተኛ ነው። አዲስ ፎርማ አይፈልግም፣ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም።

ከኮምፒውተር በፊት በወረቀት ጀምሩት። ወደ ጎን 32፣ ወደ ታች 32 ካሬ አሥምሩ፣ አንዱ ካሬ አንድ ጉጥ ነው፤ የሕንፃው መሬት ያ ነው፣ ወደ 26 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ከፊት ለእግረኛ መንገድ 8 ረድፍ አስቀሩ። ሚኒፊገሩ፣ ማለትም የሌጎው ትንሽ ሰው፣ ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ አልጋው 6 ጉጥ ርዝመት ይበቃዋል። ኮሪደሩን ከ4 ጉጥ አታሳንሱ፤ አልጋ እየገፋ የሚሄድ ነርስ ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ አንዴ ተሳስቻለሁ። ክሊኒክ ሠርቼ በጣም አምሮልኝ ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ሰባት ዓመቱ ነው። ጣሪያውን አነሳ፣ በሽተኛውን አልጋው ላይ አስተኛ፣ ከዚያ "በየት አድርጌ ላስወጣው?" አለኝ። በሩ ባለ ሦስት ጉጥ ነበር። አልጋው አራት። ከውጭ ስንት ሰው አይቶት ያመሰገነው ሞዴል በአንድ ጥያቄ ወደቀ። ገምጋሚዎቹም የሚጠይቁት እንደ እሱ ነው፦ ይህ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ማን ይገባል፣ በየት ይወጣል?

አይዲያስ ባይሆንላችሁ ሌላም መንገድ አለ። ብሪክሊንክ ኩባንያው በ2019 የገዛው የአፍቃሪዎች የገበያ ድረ ገጽ ነው። እዚያ ንድፍ አውጪዎች ሙሉ ስብስብ አዘጋጅተው ያቀርባሉ፣ ሰው ቀድሞ ያዛል፣ 3,000 ትዕዛዝ ከሞላ ይመረታል። የተፈቀደ የቁራጭ ዝርዝር ስላለ ከዚያ መውጣት አይቻልም። ለአሁኑ ይከብዳችኋል። ልጅዎ ከፍ ስትል ግን ወደዚያ ትሄዳለች ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ከሰባቱ ሆስፒታሉን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ቤተ ሙከራውን። የመሬቱን ወለል ሥላችሁ ስትጨርሱ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ በመጀመሪያ የማየው የበሩን ስፋት ነው።